ስለ ጣሳዬ፣ ስለ ሳልዎም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ በቁመት አልፎኛል። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ጣሪያ ላይ ወረወረቻቸው፤ ሦስተኛውንም እያነቃነቀች ነው። ስለ እነርሱ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ የተነሣሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ የጎረቤት ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ ሳል ሲይዝዎትም ቆም ይበል።

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ አንድ የጠፋ ፍጥረት አስተማርኩ። አካኤኖፕላክስ ይባላል፤ ስሙ እኔንም ምላሴን ያስረኛል። ሲያዩት ትል ነው፤ ዘመዶቹ ግን እነ ቀንድ አውጣ ናቸው፤ ጀርባው ላይም ሰባት ዛጎሎች ተደርድረዋል። ከ425 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ ሳለ የእሳተ ገሞራ አመድ ቀበረው። ሥጋው በስብሶ ሲያልቅ ባዶውን ቦታ ካልሳይት የሚባል ማዕድን ሞላው፤ አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ በቦታው ወርቅ እንደሚያፈስ ማለት ነው። የተገኘው እንግሊዝ አገር፣ ሄርፎርድሽየር ውስጥ ነው፤ ስም የወጣለትም በፈረንጆች 2001 ዓ.ም.።

ተመራማሪዎቹ በራጅ እንዳያዩት ፍጥረቱንም ድንጋዩንም የያዘው ያው ካልሳይት ስለሆነ አይለይላቸውም። ስለዚህ ድንጋዩን ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት እየፈጩ፣ በፈጩ ቁጥር ፎቶግራፍ እያነሡ ዘለቁ። ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ደራርበው የፍጥረቱን መልክ አገኙ። ድንጋዩ ግን አለቀ።

ይህን ስናገር ድምፄ ተቆረጠ፤ ተማሪዎቹ ጉንፋን መሰላቸው። ትዝ ያለኝ ጣሳዬ ነበር። ከጀማ ገደል የለቀምኳቸው፣ ዛጎል የታተመባቸው የኖራ ድንጋዮች። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እርስዎ አዲሱን ቤት ሲሠሩ ጣሳውን ገልብጠው፣ በመዶሻ ሰባብረው ለመሠረቱ ሙሌት አደረጉት። «ድንጋይ ለምኔ ነው፤ ገደሉ ሙሉ አይደለም?» አሉኝ። እማዬ በዚያ ምሽት እራት ያልበላሁት ለምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ነፍሷን ይማር።

የኛ አገር ዛጎሎች ከዚያ ትል ጋር ሲተያዩ ገና ልጆች ናቸው፤ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን አገራችን ባሕር በለበሰ ጊዜ የቀሩ። ሆድ የሚያስብሰኝ መሰበራቸው አይደለም። እነዚያም ሰዎች የራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ግን እያዩ ነው ያጠፉት። እርስዎ አንዱን እንኳ አንሥተው አላዩልኝም። ይህን ለማለት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ፤ አሁንም በታመሙበት ሰዓት ማለቴ ያሳፍረኛል። ይቅር ይበሉኝ፤ ወይም አይበሉኝ፤ ብቻ ይስሙኝ።

አሁን ወደ ሳልዎ። «መሣሪያ ውስጥ አልገባም፤ የባሰውን ያወጣብኛል» ብለዋል አሉኝ። አባዬ፣ ሲቲ ስካን ማለት ያው የትሉ ሥራ ነው፤ ደረትዎን ስስ ስስ አድርጎ በሥዕል ይከፍልና ኮምፒውተሩ መልሶ ይገጥመዋል። ልዩነቱ እርስዎ ድንጋይ ባለመሆንዎ ማንም አይፈጭዎትም። ጥቂት ደቂቃ ጋደም ብለው፣ ትንፋሽ ይያዙ ሲባሉ መያዝ ነው። ምን እንደሚያሳይ እኔም ፈርቻለሁ። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ በደብዳቤ አልጽፍም፤ ሲመጡ አጠገብዎ ተቀምጬ እነግርዎታለሁ።

ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቴ እሑድ ማታ ዓለም ከተማ ይደርሳል፤ ሰኞ ማለዳ አብራችሁ ትነሣላችሁ። የድሮውን የራጅ ፊልም ሣጥኑ ውስጥ ከመሬቱ ወረቀት ሥር አስቀምጠውታል፤ ሳይታጠፍ ይያዙት። ላሚቱን እህቴ ታልባለች፤ በእርሷ አያመካኙ። ከጀማ ድልድይ ወዲህ ዳገቱን ወጥታችሁ ለሚ ስትደርሱ ይበርዳልና ጋቢዎ ከላይ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

ልጅዎ