ፕሮሰሰር ከመግዛታችን በፊት ማዘርቦርዱን እንይ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በከተማችን ጅማ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በመተየብ፣ ፕላን በመሳልና ፎቶ በማቀናበር የሚተዳደሩ ብዙ ቤቶች ዛሬም የሚሠሩት በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ማሽኑ ሲዘገይባቸው ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ይቀየር ወይስ ሙሉው ይሸጥ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ግን ሻጩ እጅ ላይ ያለው ዕቃ ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ መታየት ያለበት በማዘርቦርዱ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ በሚያያዙበት ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ነው።

የፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዘን የተባሉ ፕሮሰሰሮቹን ሲያወጣ የተጠቀመበትን ኤኤም 4 ሶኬት እስከ ራይዘን 5000 ተከታታይ ድረስ ይዞት ዘልቋል። ስለዚህ ቢ450 በተባለ የኤኤም 4 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5 2600 ያለው ሰው ባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሣውን፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጎ ራይዘን 5 5600 ቢገጥም፣ ማዘርቦርዱንም ሆነ ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ሳይለውጥ ጉልህ ልዩነት ያገኛል። በ2022 ወደ ወጣው ኤኤም 5 መሻገር ግን አዲስ ማዘርቦርድና ዲዲአር 5 ራም የግድ ይላል፤ ለጽሕፈትና ለኅትመት ሥራ ይህን ሁሉ ወጪ የሚያስወጣ ምክንያት አይታየኝም።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባዮሱ አፕዴት የሚደረገው አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተገጠመ ነው፤ አዲሱ ቀድሞ ከገባ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ደኅናው ዕቃም ተበላሽቷል ተብሎ ይመለሳል። በመሃል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መሞከር ድፍረት ነው። በኤኤም 4 ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ በመሆኑ፣ በመካከላቸው የሚቀባው ፔስት የደረቀበትን ኩለር (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) በጉልበት የሚያነሣ ሰው ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈው ሶኬት ነቅሎ ፒኖቹን ያጣምማል፤ ማሽኑን ጥቂት አሠርቶ ካሞቁ በኋላ አጥፍቶ፣ ኩለሩን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ማላቀቅ ይሻላል።

በሌላው የፕሮሰሰር አምራች በኢንቴል ዘንድ ነገሩ ይከብዳል። ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ትውልድ ያሉት ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ኤልጂኤ 1151 ይባላል፤ ሆኖም ስምንተኛው ትውልድ ለስድስተኛው በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ቢቀመጥም ማሽኑ አይነሣም። የስድስተኛው ትውልድ ኮር አይ 5 6500 ያለው ሰው ቢበዛ ወደ ሰባተኛው ትውልድ ኮር አይ 7 7700 ያድጋል፤ እሱም ያው ባለ አራት ኮር ነው፣ ዊንዶውስ 11ም በይፋ አይቀበለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለእንዲህ ያለው ማሽን ኤስኤስዲ (ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) እና ተጨማሪ ራም ይበቃዋል፤ የተረፈው ገንዘብ ለቀጣዩ ይቀመጥ።

ስለዚህ የከተማችን ኮምፒውተር ሻጮች ሙሉ ማሽን ሲሸጡ የማዘርቦርዱን ሞዴልና የባዮሱን ቨርዥን ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ፣ ፕሮሰሰር ብቻ ሲሸጡም ገዢው ያለውን ማዘርቦርድ አስቀድመው እንዲጠይቁ በጋዜጣችሁ አማካይነት አሳስባለሁ። ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ድረስ መጥቶ የሚገዛ ሰው የማይገጥም ዕቃ ለመመለስ ዳግም የመንገድ ወጪ ሊያወጣ አይገባም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ