የሻገተውን ቆርሶ መጣል አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እንጀራ ሲሻግት አረንጓዴውን ቦታ ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት በየቤቱ የተለመደ ነው። «ሻጋታ በቅሎበታል» ስለምንል ይመስለኛል እንደ አረም የሚነቀል ነገር አድርገን የምንቆጥረው። ሻጋታ ግን ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ ተክል አይደለም። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል የለውም፤ የሕዋሱ ግድግዳም እንደ ተክል በሴሉሎስ ሳይሆን የነፍሳት ቅርፊት ውስጥ ባለው በካይቲን የጠነከረ ነው።

የሻጋታ አካል ሃይፋ የሚባሉ ክሮች ናቸው። የአንዱ ክር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሆነ ለብቻው በዓይን አይታይም። ክሮቹ በጫፋቸው እያደጉ፣ ቅርንጫፍ እያወጡ ማይሲሊየም የሚባል መረብ ይሠራሉ። ሻጋታ አፍም ሆድም ስለሌለው ኢንዛይም ወደ ውጭ ያመነጫል፤ ስታርቹን እዚያው አሟሙቶ በግድግዳው በኩል ይመጠዋል። ስለዚህ ለመመገብ እንጀራው ውስጥ መግባት ግድ ይለዋል። ላዩ ላይ የምናየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ብናኝ እንደ ዘር የሚራባበት ስፖሩ ነው፤ እሱ እስኪወጣ መረቡ ውስጥ ውስጡን ሄዷል። ከዝናብ በኋላ የሚለቀመው እንጉዳይም እንዲሁ ነው፤ የሚለቀመው ፍሬው እንጂ አካሉ መሬት ውስጥ ይቀራል። (እርሾ ውስጥ ያለው ፈንገስ ግን ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ ክር ሳይዘረጋ እያጎነቆለ ይባዛል።)

የእንጀራ ኮምጣጣነት ብዙ ባክቴሪያን ይከላከላል፤ ሻጋታ ግን አሲድ ይችላል። ከእንጀራው ክብደት ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ ከቤት ውስጥ ሙቀት ጋር ለመሻገት ከ3 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል። ሳይበርድ ከተደራረበ ወይም ፌስታል ውስጥ ከታሰረ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ይመለስበታል፣ ጊዜውም ያጥራል። እያንዳንዱ ሰፌድ ላይ በርዶ ይደራረብ። መሶቡም አዲስ እንጀራ ከመግባቱ በፊት ፍርፋሪው ይራገፍ፣ ፀሐይ ይምታው፤ በስፌቱ መሐል የቀረ ስፖር ለሚቀጥለው እንጀራ ይተርፋልና። ማቀዝቀዣ ሻጋታን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

ድርቆሽ የማይሻግተው ውኃ ስለሌለው ነው። የሻገተውን አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ አንዳንድ ሻጋታዎች የሚተዉት መርዝ በፀሐይ ደርቆ አይጠፋም። ከሁሉ የከፋው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ የሚያመርተው፣ የጉበት ካንሰር የሚያስከትለው አፍላቶክሲን ነው። በብዛት የሚገኘው በደንብ ሳይደርቅ በተከማቸ ለውዝና በቆሎ ላይ ሲሆን መቀቀልም ሆነ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በቆሎ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች፣ የተፈለፈለ ለውዝ ደግሞ ወደ 7 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ መግባት የለበትም።

የሻገተውን «ለላም ይሰጥ» የሚለውም አያስኬድም። ቢ1 የተባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት ያለበትን መኖ የበላች ላም ከፊሉን ኤም1 ወደሚባል ሌላ የአፍላቶክሲን ዓይነት ቀይራ በወተቷ ትመልሰዋለች፤ ወተቱን ማፍላትም አያስወግደውም።

ከአንድ የባዮሎጂ መምህር