«ይፈታ» ከተባለ በኋላ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ፣ ኢትዮጵያ ጁሪ ቢኖራት ኖሮ መንግሥት በዜጎቹ ላይ እጁን እንዲህ አያስረዝምም ነበር ሲሉ የጻፉትን ደብዳቤ በጥሞና አነበብሁት፤ ተራ ይጠብቅ ለነበረ አንድ ባለጉዳይም ጮክ ብዬ አነበብሁለት። እኔ ጎንደር ውስጥ ከአንድ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሸራ ወጥሬ ማመልከቻና አቤቱታ መጻፍ ከጀመርሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕግ የማውቀው ባለጉዳይ ከሚያመጣልኝ ወረቀትና በትርፍ ጊዜዬ ከማነበው ነው። ነገሩ ግን የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትንም የምለያይበትንም ሳልናገር ማለፍ አልወደድሁም።

ጸሐፊው የወደዱት ጁሪ ያለውን አንድ ልዩ ሥልጣን ነው። ጁሪ በዕጣ ከሕዝብ መካከል የሚመረጡ፣ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት የሆኑ፣ ሕግ ያልተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ዳኛው ሕጉን ይነግራቸዋል፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን ለብቻቸው ተዘግተው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ምስክሩ ተሰምቶ፣ ሰነዱ ቀርቦ፣ ተከሳሹ ድርጊቱን መፈጸሙ ቁልጭ ብሎ ከታየ በኋላ እንኳ፣ ሕጉ ራሱ ግፍ ነው ብለው ካመኑ «ጥፋተኛ አይደለም» ብለው ይመለሳሉ። ለምን እንዲህ አላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። በአሜሪካ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በዚህ ውሳኔ ላይ ይግባኝ ማለት ስለማይችል ጉዳዩ በዚያው ያልቃል፤ ሕጉ በመጽሐፍ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ለዚያ ሰው ግን እንዳልነበረ ይሆናል።

ይህ ሥልጣን በደህና ቀን የተሰጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1670 ለንደን ውስጥ ዊልያም ፔን የተባለ የኩዌከር ሃይማኖት ሰው፣ የጸሎት ቤታቸው በወታደር ስለተዘጋ በግሬስቸርች መንገድ ላይ ቆሞ በመስበኩ፣ ከባልንጀራው ከዊልያም ሚድ ጋር ሕገ ወጥና ሁከት ያለበት ስብሰባ አድርጋችኋል ተብሎ ተከሰሰ። መስበኩን ያየው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ እርሱም አልካደም። ጁሪው ግን «መንገድ ላይ ተናግሯል» ከማለት አልፎ ወንጀል ሠርቷል ለማለት እምቢ አለ። ችሎቱ የፈለገውን ቃል እስኪሰጡ ድረስ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ እሳትና ያለ ትንባሆ ተዘግተው እንዲያድሩ ተደረገ፤ አድረውም ያንኑ ደገሙት፣ በመጨረሻም «ጥፋተኛ አይደለም» አሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው 40 ማርክ እንዲከፍሉ፣ እስኪከፍሉም እንዲታሰሩ ተፈረደባቸው። ፈራጁ እስረኛ ሆነ ማለት ነው። ከጁሪው አባላት መካከል ኤድዋርድ ቡሼልና ጥቂት ጓደኞቹ ግን አንከፍልም ብለው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ፤ ዋና ዳኛ ጆን ቮን የጁሪ አባል በሰጠው ውሳኔ ሊቀጣ አይችልም ብሎ ፈታቸው።

ከዚህ ታሪክ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘልለውን አንድ ነገር ላንሳ። ነፃ የተባለው ፔን በዚያ ቀን ወደ ቤቱ አልሄደም። ችሎት ውስጥ ባርኔጣህን አላወለቅህም ተብሎ እርሱም 40 ማርክ ተቀጥቶ ወደ ወህኒ ተመለሰ፤ ያንን ባርኔጣ በራሱ ላይ መልሶ የደፋለት ደግሞ በችሎቱ ትእዛዝ የችሎቱ ሎሌ ነበር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር፣ ሸራዬ ሥር ተቀምጠው «በዚያኛው ክስ ነፃ ወጥቶ እዚያው በር ላይ በሌላ ያዙት» ያሉኝ ሰዎች ፊታቸው ይመጣብኛል።

ጸሐፊው ያነሷቸው ሌሎች ምሳሌዎችም እውነተኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1850 አሜሪካ የወጣው ሕግ ያመለጠን ባሪያ ለጌታው መልሱ የሚል ስለነበር፣ በሰሜን ግዛቶች የነበሩ አንዳንድ ጁሪዎች ባሪያ ያስመለጡ ሰዎችን አንቀጣም ብለዋል። በብሪታንያም ክላይቭ ፖንቲንግ የተባለ የመከላከያ ሚኒስቴር ሠራተኛ ስለ አንዲት የጦር መርከብ መስመጥ የሚናገር ሰነድ ለፓርላማ አባል አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለፍርድ ሲቀርብ፣ የዳኛው ማብራሪያ ወደ ጥፋተኝነት ያዘነበለ ቢሆንም ጁሪው በነፃ አሰናብቶታል። መንግሥታት ግን ይህን ሥልጣን ከልብ ወድደውት አያውቁም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1895 ዳኞች ይህን ለጁሪ የመንገር ግዴታ የለባቸውም ብሏል። ሎንዶን ላይ የቡሼልን ባልደረቦች የሚዘክር ጽሑፍ በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ እያለ፣ ያንኑ ሐሳብ በካርቶን ጽፋ ከሌላ ፍርድ ቤት ደጅ የቆመች አንዲት ጡረተኛ እ.ኤ.አ. በ2023 ችሎት በመድፈር ልትከሰስ ነበር፤ በዓመቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱ እንዳይቀጥል ባያደርግ ኖሮ።

ጸሐፊው ያላነሱት የነገሩን ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሚሲሲፒ ኤሜት ቲል የተባለውን የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ የገደሉት ሁለት ነጮች የቀረቡት አባላቱ በሙሉ ነጭ ወንዶች በሆኑበት ጁሪ ፊት ነበር፤ ጁሪው ከአንድ ሰዓት እምብዛም ሳይበልጥ መክሮ በነፃ አሰናበታቸው፤ እነርሱም ጥቂት ወራት ቆይተው ገንዘብ ተከፍሏቸው ግድያውን ለመጽሔት ተናገሩ። ባሪያውን ያዳነው ሥልጣንና የልጁን ገዳዮች ያዳነው ሥልጣን አንድ ነው።

ጁሪ የለንም እንላለን እንጂ፣ ማስረጃ ባለበት ሕጉን አላስፈጽምም ማለት በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ ጁሪ የተቀመጠው ከምስክር ወንበር ላይ ነው። በገጠር ሰው ይገደላል፤ ፖሊስ ይመረምራል፤ አምስት ስድስት ሰው አየሁ ብሎ ቃሉን ይሰጣል። በዚህ መካከል ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ደም ይደርቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የሁለቱ ወገን ሰዎች ተማምለው ይታረቃሉ። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እነዚያ ምስክሮች «ጨለማ ነበር፣ አላየሁም» ይላሉ። ዐቃቤ ሕጉ ያውቃል፣ ዳኛውም ያውቃል፣ እኔም ከውጭ ሆኜ ፊታቸውን አይቼ አውቃለሁ፤ መዝገቡ ግን ማስረጃ የለውምና ተከሳሹ ይወጣል። አልፎ አልፎ ይህ መልካም ነው፤ እስር ቤት ያልመለሰውን ቂም እርቅ ይመልሰዋል፣ ሌላ ደምም ይድናል። ያለ ዘመድ የቀረች ባልቴት ልጇ ሲገደልባት፣ ወይም አንዲት ልጅ ተጠልፋ ቤተ ዘመድ «ነገሩ በእርቅ ይለቅ» ሲል ግን የሽማግሌው ምሕረት በማን ኪሳራ እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን በሕጋዊ መንገድ ካገባት ከክስ ያመልጥ ዘንድ በር ከፍቶለት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያን በር ቢዘጋውም፣ «አላየሁም» የሚለው ምስክር በጓሮ በኩል ይከፍተዋል።

እንግዲህ ከጸሐፊው የምለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሕግን እምቢ የማለት ሥልጣን አላጣንም፤ ሥልጣኑ የሚሠራው ጎረቤት ጎረቤቱን በበደለበት ነገር ነው እንጂ ከሳሹ ራሱ መንግሥት በሆነበት ነገር አይደለም። በዚያኛው ፊት ሽማግሌም አይገባም፣ ምስክርም አይረሳም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ከዙፋኑ ጋር አልወረደም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጃቸው ከተያዘ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሲቀር ወደ እኔ መጡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ካልቀረበም አካሉ ነፃ እንዲወጣ ለመጠየቅ የማይጣስ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አካሄዱን ያሳያል። አቤቱታውን ጻፍሁላቸው፤ ቡሼል ያቀረበው ዓይነት አቤቱታ መሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን ክፍል ጠርቶ ጠየቀ፣ በቂ ምክንያት አላገኘም፣ «ይፈታ» ሲል አዘዘ። እናቲቱ ትእዛዙን ይዘው እየሮጡ ሄዱ። በማግስቱ ካፊያው ሳያባራ ተመለሱ። ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ከቋጠሩት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት፤ አራት ቦታ ከመታጠፉ የተነሣ የማኅተሙ ቀለም ወደ ሌላው ገጽ ተላልፎ ሁለት ማኅተም መስሏል።

«ልጄ፣ አጻጻፍህ ሳይደክም አልቀረም፤ እስቲ ጠንከር አድርገህ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የእኔ ጽሑፍ አይደለም፤ የዳኛው ትእዛዝ ነው» አልኋቸው።

«ታዲያ ዳኛውም ጠንከር አድርገው ይጻፉዋ!»

ልጁ ከትእዛዙ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ወጣ። ማን እንደፈታው፣ በምን ምክንያት እንደቆየ የሚገልጽ አንዲት መስመር የለም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ያሉት በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ እናቲቱንም ያንገበገባቸው ከመታሰሩ ይልቅ ወረቀቱ ከንቱ መሆኑ ነበር።

አሁን ጁሪ ይኖረናል እንበል፤ አሥራ ሁለት የጎንደር ሰው ከአራዳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ በዕጣ ወጥቶ «ጥፋተኛ አይደለም» ቢል፣ ያ ቃል የሚደርሰው ይህችው ወረቀት ከደረሰችበት በር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ አጋማሽ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ሰውየው ከችሎቱ ወጥተው ቤታቸው ሳይደርሱ መልሰው መያዛቸውን ያልሰማ የለም። እዚያ የጎደለው የዳኛ ድፍረት አልነበረም። በእርግጥ ሕጉ ራሱ ለመንግሥት የሚያላላለት ብዙ ገመድ አለ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የበለጠ ቀጠሮ አይሰጥም ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይገድብም፤ እኔ «ለስድስተኛ ጊዜ በተሰጠው የ14 ቀን ቀጠሮ» የሚል ዓረፍተ ነገር የጻፍሁበት ማመልከቻ አለ። ዐቃቤ ሕግም በነፃ የተለቀቀን ሰው ይግባኝ ሊልበት ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ከማይነኩ መብቶች መካከል የተያዘ ሰው መብት የሚገኝበትን አንቀጽ 19ን አልቆጠረውም፤ በዚህ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ታውጆ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በዘለቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይቻል ስለነበር፣ የእኔ ብዕር ለወራት የቤት ኪራይና የውርስ ማመልከቻ ብቻ ስትጽፍ ከርማለች።

ስለዚህ ጁሪን ጨርሶ አልቃወምም። ተበዳዩ ራሱ መንግሥት በሆነበት ክስ፣ ማለትም በንግግር፣ በጽሑፍና በስብሰባ በሚመሠረት ክስ ብቻ፣ ተራ ሰዎች ከዳኛ ጋር ተቀምጠው ቢወስኑ ደስ ይለኛል፤ የነፍስ ግድያንና የጠለፋን ጉዳይ ግን ዘመድና ቂም ባለበት አገር ለጎረቤት ኅሊና አሳልፌ አልሰጥም፤ ያንን እንዳልሁት ከምስክሩ ወንበር አይቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን «ይፈታ» የተባለ ሰው በዚያው ቀን ይውጣ። ያለ ሕግ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል እንደሚጠየቅ የ1996ቱ ሕግ ተናግሯል፤ ነገር ግን ትእዛዙን አልቀበልም ያለው ሰው ስሙ የትም ስለማይጻፍ፣ ክስ ይመሥረት ቢባል እንኳ ተከሳሹ «ቢሮው» ነው። ቢሮ ደግሞ ወህኒ አይወርድም።

ከዚያች ቀን ወዲህ በምጽፈው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ሁሉ ላይ አንዲት መስመር እጨምራለሁ፦ «ትእዛዙ የደረሰበት ሰዓትና የተረከበው ኃላፊ ሙሉ ስምና ፊርማ በትእዛዙ ግልባጭ ላይ ሰፍሮ ለፍርድ ቤቱ እንዲመለስ ይታዘዝልኝ።» ባለጉዳዮች ለዚህች መስመር ተጨማሪ እንዳላስከፍላቸው ይጠይቁኛል፤ አላስከፍልም። እስካሁን ይህችን ጥያቄ ተቀብለው በትእዛዛቸው ውስጥ ያካተቱት አንድ ዳኛ ብቻ ናቸው፤ የዚያ መዝገብ ባለቤት ትእዛዙ በተሰጠ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወጥቶ፣ በሸራዬ በኩል ሲያልፍ በእጁ ሰላም ብሎኝ ሄዷል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የማመልከቻ ጸሐፊው
ከጎንደር