ሚዛናችንም ይጹም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ቸርቻሪ ነኝ። የሁዳዴ 55 ቀን ገበያችን የሚደራበት፣ መዝሙር ከየሱቁ የሚሰማበት ነው። ሥጋና ወተት ትተን በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የምንደባልቅ ከሆነ ግን ጾሙ ምኑ ላይ ነው? ምሳሌ 11፥1 እግዚአብሔር አባይ ሚዛንን እንደሚጸየፍ ይናገራል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን ሁላችንም ግድግዳ ላይ ለጥፈናል፤ ይሄኛውን የለጠፈ ነጋዴ ግን እስካሁን አላየሁም! (ከጎኑ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ» አይጠፋም።)

እኔ ስብከት አልችልበትም። ሚዛኑን ወደ ገዢው አዙሬ ዜሮ ላይ መሆኑን አሳይቼ እመዝናለሁ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ የረመዳን ሾርባዋን ቅመም ከእኔ ሌላ አትገዛም፤ ልጇን ስትልክ እንኳ «አታስመዝን፣ ዝም ብለህ ተቀበል» ትለዋለች። ሰባክያኖቻችን በዐውደ ምሕረት ስለ ኪሎ ጉድለትም ቢያነሱልን ደስ ይለኛል።

ባለ ሱቋ፣ ከአዲስ አበባ