ታጣፊ ሳይክል ይዞ አራተኛ ፎቅ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፦

ጤናህ እንዴት ነው? እነ እማማስ ደህና ናቸው? አቤት መጠፋፋት! ታጣፊ ሳይክል መግዛትህን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ኮንዶሚኒየማችሁ ሊፍት የለውም፣ አንተም ያለኸው ጫፍ ላይ ነው ሲሉኝ ግን ወገብህ ሳይቀየም ልጻፍልህ አልኩ።

ክብደቱ አያስፈራህ። ባለ 20 ኢንች ታጣፊ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ውሃ ከሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀላል። ሰው የሚደክመው ደረጃ ላይ ሲከፈትበት ወይም ከሰውነቱ አርቆ ሲይዘው ነው።

እንዳንተ ከመሀል የሚታጠፉት ላይ ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን የሚይዛቸው ብዙ ጊዜ ትንሽ ማግኔት ነው። ቆሞ ሲቀመጥ ይበቃል፤ በሸክም ግን ግድግዳ ነካ ሲያደርግ ይለቅና የፊት ጎማው ዞሮ ቅልጥምህን ይልሃል። ጎሚስታ ጋ ሂድና አሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ጠይቅ። ሁለት ጣት ስፋት፣ አንድ ክንድ ርዝመት አድርገህ ቁረጥና ሁለቱን ቸርኬዎች አጥብቀህ እሰር። ጎማ ስለሆነ አይንሸራተትም፤ ለእኔ ከሚሸጠው ማሰሪያ ይሻላል።

ደረጃ ስትወጣ ከኮርቻው አንጠልጥለህ አትያዝ። የታጠፈው ቁመቱ 65 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ክንድህን ወደ ታች ዘርግተህ ስትቆም እጅህ ከመሬት 75 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። የሚተርፈው 10 ሴንቲሜትር ሲሆን አንዱ ደረጃ ግን 17 አካባቢ ከፍታ አለው። ስለዚህ ጎማው በየደረጃው ይጋጫል፤ እሱን ለማዳን ክርንህን አጥፈህ ትወጣለህ፣ ክንድ የሚዝለውም ያኔ ነው። ኮርቻውን እስከ መጨረሻ አውርድና ከሥሩ ያለውን ቴላዮ (የሳይክሉን ዋና ብረት)፣ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ ፈልገህ ያዝ። የማጠፊያውን እጀታ ግን በፍጹም አትጨብጥ፤ ይከፈታል።

ሰንሰለቱ በሳይክሉ ቀኝ ነው። በቀኝ እጅህ ፊቱን ወደፊት አድርገህ ከያዝከው ሰንሰለቱ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ሱሪህም ከግራሶ ይተርፋል። ወደ ግራ እጅ ስትቀይር ሳይክሉንም ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው። ለአንድ ፎቅ 18 ደረጃ ብንል አራተኛው ፎቅ 72 ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ትንፋሽ ያጥራል። በየማረፊያው እጅ ቀይር። ነፃው እጅህ ሁልጊዜ መደገፊያው ላይ ይሁን፤ በተለይ ስትወርድ፣ ምክንያቱም ሳይክሉ እግርህን ይጋርድሃል።

ሜዳ ላይ ግን ምን አሸከመህ! አጥፈህ እሰረው፣ ኮርቻውን ከፍ አድርግና እሱን ይዘህ በጎማዎቹ ግፋው። ብሮምፕተን የሚባለው የለንደን ታጣፊ ሳይክል ታጥፎ የሚንከባለለው በትንንሽ ጎማዎች ነው፤ ለባቡር ጣቢያ ወለል ግሩም ነው፣ ኮብልስቶን ላይ ግን ወዲያው ይሰነቀራል። ያንተ ትልቅ ጎማ እዚህ ይበልጠዋል። ሚኒባስ ስትሳፈር ባዶ ማዳበሪያ አልብሰው፤ ረዳቱም ከሳይክል ይልቅ ዕቃ ጫንኩ ብሎ ያስባል።

ከፍተህ ከመንዳትህ በፊት ማጠፊያውን እይ። እጀታው ሲዘጋ መዳፍህን ጫን ሊያደርግ ይገባል፤ በጣት የሚዘጋ ከሆነ ማስተካከያውን ብሎን ሩብ ዙር አጥብቅ። ሲንቋቋ መጀመሪያ ቆሻሻውን ጥረግ። ብየዳው አጠገብ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን ተሰንጥቆ ካየህ ግን አትንዳው፤ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው