ያንተ ፓስወርድ አሁንም ይከፍት ነበር

ጎንደር፣ ኅዳር

ውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ከሁለት ዓመት በላይ ጠፍቼብህ በዳታቤዝ ጉዳይ ስጽፍልህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ። ጥፋቱ የኔ ነው። ደውለህልኝ ነበር፤ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ቀረሁ። ቀኑ ሲረዝም ደግሞ አፈርኩ። እናቴ ግን አላፈረችም፤ በየበዓሉ "ያ ልጅ የት ገባ?" ትለኛለች።

አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል የእንግዳ ማረፊያውን ሲስተም የጫንክበት ማታ ትዝ ይልሃል? መብራት እየጠፋ ሲያበሽቀን? አንድ ፋይል ከፍተህ የተጠቃሚውን ስም፣ የዳታቤዙን ስም፣ ፓስወርዱን በሦስት መስመር ጻፍክ። "ኮንቴይነሩ ሲነሳ ከዚህ ያነባል፣ በቃ" አልከኝ። ኮንቴይነር ያልከው ፕሮግራሙ ለብቻው ተዘግቶ የሚሠራበት ሳጥን ነው። እኔም በቃ አልኩ። ለካ የነገርከኝ ግማሹን ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሠራተኛ ሥራ ለቀቀ። እትዬ "ፓስወርዱ ይቀየር" አሉኝ። ምን ችግር አለው፣ አንድ መስመር ናት። ፋይሉ ላይ የፖስትግሬስ (የዳታቤዛችን ፕሮግራም) ፓስወርድ የሚለውን ቀየርኩና ሪስታርት አልኩት። ምንም። ሪስታርት የሚያስነሳው ያንኑ የድሮውን ኮንቴይነር ነው፤ ፋይሉን ዞር ብሎ አያየውም። ኮንቴይነሮቹን የሚያስነሳውን ትእዛዝ፣ ዶከር ኮምፖዝ አፕ ስለው ኮንቴይነሮቹን እንደ አዲስ ሠራቸው። ደስ አለኝ። ወዲያው ሲስተሙ ቆመ። ፓስወርዱ ልክ አይደለም ይላል።

የኮንቴይነሩን ዝርዝር በሚያሳየው ትእዛዝ፣ ኢንስፔክት ብዬ አየሁ። አዲሱ ፓስወርድ ቁጭ ብሏል። ይባስ ብሎ የዳታቤዙ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ በአዲሱ ስሞክር ገባልኝ! ግማሽ ቀኔን የበላው ይሄ ነው። በኋላ ተናድጄ አንድ የማይረባ ቃል ጻፍኩበት። በሱም ገባ። ይሄ የፖስትግሬስ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚሠራበት ዝግጁ ጥቅል) ካልቀየሩት በቀር ከውስጥ ለሚመጣ ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ቤተኛ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። መሞከር የነበረብኝ በውጭ በር፣ ከሲስተሙ ኮንቴይነር ሆኜ ነበር።

አንድ የማውቀው ልጅ በስልክ "ዳውን በለው፣ ሰረዝ ቪ ጨምርበት፣ እንደገና አንሳው፣ ይሠራል" አለኝ። አልዋሸም፣ ይሠራል። ዳታው የሚቀመጥበትን ቮልዩም ጠራርጎ ስለሚያጠፋው ባዶ ቤት ይሆናል፤ ባዶ ቤት አዲሱን ፓስወርድ ይቀበላል። ለጥምቀት የተያዙት ክፍሎች ግን አብረው ይሄዳሉ። የከተራ ዕለት ለአንድ ክፍል ሁለት ቤተሰብ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ አስበው። እትዬን ደግሞ ታውቃቸዋለህ።

ትእዛዙን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ኢንተር ከመምታቴ በፊት የዳታቤዙን የሥራ መዝገብ፣ ሎጉን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ማውጫው ውስጥ ዳታቤዝ ያለ ይመስላል፣ ማስጀመሪያውን ዘልያለሁ የሚል መስመር አለ። በእንግሊዝኛ ነው እንጂ ቁልጭ ያለ ነው። ስንት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ መሰለህ!

የፋሲል መዋኛን አስበው። ቀሃ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ በዚያ በኩል ነው፤ ውሃው መዋኛው ውስጥ የሚገባው ግን ለበዓሉ ሲለቀቅለት ነው። ያንተ ፋይልም ሁሌ አጠገቡ አለ፤ ዳታቤዙ የሚሰማው ግን የዳታው ማውጫ ባዶ ሆኖ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። መዋኛው እንኳ በየዓመቱ ይሞላል፤ ይሄኛው በዕድሜው አንዴ ነው። ስሙም፣ ፓስወርዱም፣ የማስጀመሪያ ስክሪፕቶቹም ያው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ፓስወርዱ የሚኖረው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ሲስተማችን ደግሞ ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ በተሠራ ቁጥር ፋይሉ ላይ ያለውን ይወስዳል። አንዱ አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን ይዘው ተፋጠጡ።

ይሄ ሲገባኝ ያንተን የድሮ ፓስወርድ ከሲስተሙ ኮንቴይነር ሞከርኩት። ያቺን የዶርም ቅጽል ስሜን ከክፍላችን ቁጥር ጋር። ከፈተ! ሌሊት ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እትዬ ክፍል በያዙ ቁጥር በኔ ቅጽል ስም ነበር የሚገቡት፤ አልነገርኳቸውም።

ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ በፒጂ ዳምፕ የዳታቤዙን ቅጂ ወስጄ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ከውስጥ ገብቼ በአልተር ዩዘር ትእዛዝ ፓስወርዱን ቀየርኩት። አለቀ።

አንድ ሌላ ነገር ነካክቻለሁ፣ አትቆጣ። ፓስወርዱ በኢንስፔክት እንዲህ ተዘርግቶ መታየቱ ቀፈፈኝ። የቫሪያብሉ (ፓስወርዱ የሚጻፍበት የዚያ መስመር) ስም ጫፍ ላይ "ፋይል" ሲጨመርበት ፓስወርዱን ከተለየ ፋይል ያነባል፤ ወደ ኮምፖዝ ሲክሬት (ምስጢር ለብቻው በፋይል የሚሰጥበት መንገድ) አዞርኩት፣ ሲስተሙም ከዚያው እንዲያነብ አደረግሁ። ያው እሱም ለዳታቤዙ የሚያገለግለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ቢሆንም እንቅልፌን ተኛሁ።

አንተስ? ሥራው እንዴት ነው? ልጅ ወለድክ የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር፤ ከሰው አፍ መስማቴ አናዶኛል፣ መናደድ ባይገባኝም።

ለጥምቀት ና። አንድ ክፍል በስምህ ይዣለሁ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ገብታለች፣ ቅጂውም ፍላሽ ላይ አለ። ፓስወርድህ ግን ከእንግዲህ አይከፍትም። በበር ግባ።

የዶርም ጓደኛህ