የሒሳብና ኮምፒውተር ክበብ፦ ከካርቶን እስከ ሽሮ ሜዳ

«ኮምፒውተር ክበብ ተብለው ኮምፒውተር ሳይነኩ ዓመቱ አለቀ» የሚሉ አሉ። ቡና ላይ እኔም ሰምቻለሁ። ብዙም አልተሳሳቱም። ከ14ቱ ማሽኖቻችን የሚሠሩት 4 ናቸው፤ እነሱም መብራት ሲኖር ነው። ልጆቹን ወረፋ ከማስጠብቅ፣ ይሄ ዕቃ ከየት እንደመጣ እንይ አልኩ። ለዚህ ካርቶን፣ መቀስና ኮላ ይበቃል።

የጀመርነው በኔፒር አጥንቶች ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒር በ1617 ያስተዋወቃቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ የማባዣ ሰንጠረዥ የተጻፈባቸው ዘንጎች ናቸው። ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ቁጥሮቹ በሰያፍ ይደመራሉ፣ ማባዛቱ አለቀ። ልጆቹ ስሙን ስለወደዱት ሳምንቱን ሙሉ «አጥንትህን አውጣ!» ሲባባሉ ከረሙ።

ታኅሣሥና ጥር ስብሰባ፣ ፈተና፣ ደግሞ ስብሰባ።

የፓስካል መደመሪያ ማሽን አልተሳካልንም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፓስካል በ1642፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በግብር ሥራ ላይ የነበረውን አባቱን ከመደመር ሊገላግል የጀመረው ማሽን ነው። ችግሩ ያው «አንድ በእጅ» የምንለው ነው። ከ0 እስከ 9 የተጻፈበት ጎማ ከ9 ወደ 0 ሲዞር ጎረቤቱን አንድ እርምጃ መግፋት አለበት። የኛ ካርቶን መግፋቱን ትቶ ይታጠፋል። 999 ላይ 1 ስንጨምር ሦስቱም ጎማዎች ተቀደዱ። ፓስካልም ደጋግሞ ሞክሯል ብዬ አጽናናኋቸው። እሱ ግን ብረት ነበረው።

መጋቢት ላይ ስለ ዣካርድ አስተማርኩ። ፈረንሳዊው ዣካርድ በ1804 ገደማ ሽመና በተበሱ ካርዶች እንዲመራ አደረገ። ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፣ ከሌለ ይቀራል። እንግሊዛዊው ባቤጅ ሐሳቡን ለማስሊያ ማሽኑ ወሰደው። በ1890 ደግሞ የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ውጤት አሜሪካዊው ሆለሪት በሠራው ማሽን፣ በተበሱ ካርዶች ተደመረ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ቃል ያልተነፈሰች የ7ኛ ክፍል ልጅ መጣች። «ቲቸር፣ አባዬ ሸማኔ ነው።»

ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ሄድን። የታክሲውን ከኪሴ ከፈልኩ። አባቷ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው ጥለት እየሠሩ ነበር። ድሩን በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ሦስት ያነሳሉ፣ ሁለት ይተዋሉ፣ ማጉን ያሳልፋሉ። ወረቀት የለ፣ ሥዕል የለ። ልጅቷ ባለ ካሬ ደብተሯን አወጣች። ለተነሳው 1፣ ለቀረው 0 እያለች አንድ መስመር ሞላች፤ ሁለተኛ ደገመች። ከዚያ ቀና ብላ «ቲቸር፣ ካርዱ አባዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው» አለች።

እኔ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ።

ስመለስ አባቷ «የምን ካርድ ነው ልጄ?» እያሉ ይስቃሉ። እሷ ታስረዳለች። ያቺ ዝምተኛ! ሰኞ ዕለት የጥለቱን 46 መስመሮች በካርቶን ካርድ ላይ በስታ መጣች። በረንዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ሂዱና እዩ።

የስፖርት ክበቡ አዲስ ማሊያ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል፤ የምሬን ነው። እኛ የምንፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የፓስካልን ጎማዎች በፕላይውድ ልንሞክር ነው። ቤቱ ወይም ሱቁ ውስጥ ትርፍ ያለው ወላጅ ካለ ይላክልን፤ ቁራጭም ቢሆን እንወስዳለን።